የአይሱዙው ትኩሳት

ትኩሳት ያለበት ሰው ሲመጣ ነርስ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላ ነው። ቀጥላ «መቼ መቼ ይብስብሃል?» ትላለች። ማስታገሻ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። በዲፕሎማ ተመርቄ 34 ዓመት በነርስነት ሳገለግል ይህን ለተለማማጅ ተማሪዎች ስንት ጊዜ እንደደገምኩት ቁጥሩን አላውቀውም። ጡረታ ወጥቼ ለአይሱዙ መኪና እደግመዋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

ትልቁ ልጄ ሹፌር ነው። ከአራት ዓመት በፊት ከባንክ የተበደረውን፣ ሚስቱ በዕቁብ ያገኘችውን፣ እኔም ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳትን አንድ ላይ አድርጎ ያገለገለ አይሱዙ ገዛ። ከቢቸናና ከደጀን አካባቢ ጤፍ እየጫነ አዲስ አበባ ያመጣል። ረዳቱ የሟች እህቴ ልጅ ነው፤ ገና 19 ዓመቱ ነው። እንግዲህ በዚያች መኪና ላይ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ፣ የባንክ ዕዳና ሁለት ልጆቼ አብረው ይጓዛሉ ማለት ነው።

ባለፈው ጥር መኪናው መሞቅ ጀመረ። አዲስ አበባ ውስጥ ደህና ነው፤ ሜዳ ላይ ደህና ነው፤ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ግን የሙቀት ጌጁ ወደ ቀዩ ይጠጋል። ልጄ በየኩርባው እየቆመ ማቀዝቀዝ ያዘ። በአንድ ሰዓት የሚያልቀው ዳገት ሦስት ሰዓት ይፈጅበት ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ምሳ በልተን ስናበቃ «እማዬ፣ መፍትሔውን አግኝቻለሁ» አለኝ። «አሮጌውን ፋን አውልቄ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ላስገባ ነው።» ከሶማሌ ተራ ከአውቶቡስ የወጡ ሁለት ፋኖች በርካሽ ገዝቶ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ይዞ መጥቷል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ውሃው በሞተሩ ውስጥ ዞሮ ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ይመጣል። እዚያ አየር ሲያልፍበት ይቀዘቅዝና ተመልሶ ይገባል። አየሩን የሚስበው ከራዲያተሩ ኋላ የተገጠመው ፋን ነው። በአብዛኞቹ የጭነት መኪኖች ላይ ይህ ፋን የሚዞረው በሞተሩ በራሱ ጉልበት ነው፤ ሞተሩ ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ሲያዘግም ያዘግማል። መሀሉ ላይ ፋን ክላች የሚሉት ክብ ነገር አለ፤ ውስጡ ወፍራም የሲሊኮን ዘይት ይዟል። ከራዲያተሩ የሚመጣው አየር ሲሞቅ ዘይቱ ፋኑን አጥብቆ ያዞረዋል፤ ሲቀዘቅዝ ላላ ያደርገዋል። ይህን ስሰማ የሰው ቆዳ ትዝ አለኝ። ሲሞቀን የቆዳችን ደም ሥሮች ሰፋ ብለው ሙቀቱን ያስወጣሉ፣ ሲበርደን ይጠባሉ። አድርጉ ብሎ ያዘዛቸው የለም።

የኤሌክትሪኩ ፋን ደግሞ የራሱ ትንሽ ሞተር አለው። ውሃው የተወሰነ ዲግሪ ሲደርስ ሴንሰር ያስነሳዋል፤ ኃይሉን ከባትሪና ከዲናሞ ይወስዳል። የሞተሩ ፍጥነት አይመለከተውም።

ልጄ ያቀረባቸው ምክንያቶች ከንቱ አልነበሩም። የኤሌክትሪኩ ፋን በማያስፈልግበት ጊዜ ስለማይዞር ለሞተሩ ሸክም አይሆንበትም፤ በጠዋት ብርድ ሞተሩ ቶሎ ይሞቃል። መርካቶ መንገድ ተዘጋግቶ መኪናው ቆሞ ሲያጉረመርም የቺንጋው ፋን እያዘገመ ሲዞር የኤሌክትሪኩ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል። ብዙዎቹ የቤት መኪኖች የኤሌክትሪክ ፋን የያዙትም ስለሚሠራ ነው። «ታዲያ የእኔ መኪና ምን ይለየዋል?» አለኝ።

«ጉልበቱ ምን ያህል ነው?» አልኩት። ፋኑ ላይ የተጻፈውን አነበበልኝ፤ 24 ቮልት፣ 300 ዋት። ሁለቱ ሲደመሩ 600 ዋት ናቸው። እጁን ይዤ ወደ ማዕድ ቤት ወሰድኩትና የእንጀራ ምጣዳችንን አሳየሁት። ምጣዱ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል። እንግዲህ ሁለቱ ፋኖች ተባብረው የምጣዳችንን አንድ አምስተኛ አያክሉም። በቺንጋ የሚዞረው ትልቁ ፋን ግን አጥብቆ ሲይዝ ከሞተሩ በሺዎች የሚቆጠር ዋት ይወስዳል። «ነዳጅ ይበላል» እያሉ ሹፌሮች የሚያሙት ለዚህ ነው። ይበላል፤ ግን የበላውን ያህል አየር ይስባል።

ከናፍጣው ኃይል ጎማ የሚያዞረው ሲሶው ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ የሚለው ብቻ ነው። የቀረው በአብዛኛው ሙቀት ሆኖ በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ ይወጣል። ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት የሚገፋ አይሱዙ በራዲያተሩ በኩል የሚያስወጣው ሙቀት አሥር የሚሆኑ የእንጀራ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ቢጣዱ ከሚሰጡት ሙቀት ጋር ይቀራረባል። ይህን ሁሉ በ600 ዋት ፋን ለማስወጣት መሞከር ሰፊ አዳራሽን በእጅ ማራገቢያ ለማቀዝቀዝ እንደመሞከር ነው።

ደግሞ መንገዱን አስቡት። ከደጀን ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2,400 ሜትር አካባቢ ተነስቶ በድልድዩ ዘንድ ወደ 1,000 ሜትር ይወርዳል፤ ከዚያ እንደገና ከ2,400 ሜትር በላይ ይወጣል። ጭነቱ ከጎጃም በኩል ስለሚመጣ ከባዱ ዳገት የሚጠብቀው ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ነው። መኪናው በከባድ ማርሽ የበቅሎ እርምጃ ይራመዳል፤ ስለዚህ ከፊት የሚመጣ ነፋስ የለም ማለት ይቻላል። ሞተሩ ግን ይጮኻል። በዚያች ሰዓት ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ፋን በሙሉ ኃይሉ ነው የሚሠራው፤ ቀኑን ሙሉ «ነዳጅ በላ» እየተባለ ሲታማ የዋለው ዋጋውን የሚከፍለው እዚያ ዳገት ላይ ነው። የልጄ መኪና ከእነዚያ የቤት መኪኖች የሚለየው በዚህ መንገድ ነው።

ከፍታውም የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ላይ ድስት ስንጥድ ውሃው የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ጤነኛ ሞተር ግን ከዚህ ብዙ ሳይርቅ፣ እንዲያውም አንዳንዴ በልጦ ይሠራል። ውሃው የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዘው ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ውሃው ቀድሞ ይፈላል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ይኸው ክዳን ነው። ድንገተኛ ክፍል ስሠራ በራዲያተር ውሃ የተቃጠሉ ልጆች ይመጡ ነበር። አብዛኞቹ ረዳቶች ናቸው፤ ዕድሜያቸው 17፣ 18 ቢሆን ነው። ሹፌሩ ይቆማል፣ ረዳቱ ይወርዳል፣ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ይከፍታል። ታፍኖ የቆየው ውሃ ግፊቱ ሲለቀው እዚያው በአንድ ጊዜ ይፈላና ፊት፣ አንገትና ደረት ላይ ይዘንባል። አንዱን ልጅ አልረሳውም። እናቱ ከገጠር መጥታ አልጋው አጠገብ ቆማ «ዓይኑ ያያል?» እያለች ደጋግማ ትጠይቀኝ ነበር። ያያል። ጣቶቹ ግን ከዚያ በኋላ እንደልቡ አልተዘረጉለትም። ብዙዎቹ ሲደርሱን ቁስላቸው ላይ ቅቤ፣ እንቁላል ወይም የጥርስ ሳሙና ተለቅልቆበት ነበር፤ እሱን መጥረግ ሌላ ስቃይ ነው።

ስለዚህ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ መሪ ላይ ያላችሁ ሁሉ ይህን ንገሩልኝ። ሞተር ሲሞቅ አጥፍቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው፤ የላይኛው የራዲያተር ጎማ በእጅ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ ገና ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ደግሞ ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ይችላል። ሰው ከተቃጠለ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ፣ ቀለበትና ሰዓት ቶሎ ማውለቅ፣ ቆዳ ላይ የተጣበቀ ልብስ አለመጎተት፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሐኪም መውሰድ። በረሃ ላይ ቧንቧ የለም፤ በእኛ መኪና ላይ ለራዲያተር ከሚያዘው ሌላ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ የሚጫነው ለዚህ ነው። የእህቴ ልጅ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።

ወደ ፋኑ ልመለስ። ልጄን «ትገጥመዋለህ፣ ግን መጀመሪያ የበሽታው ምክንያት ይታወቅ» አልኩትና አብሬው ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ቆሞ ሳለ ጋቢናውን አንስተው ፋኑን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ያለ ምንም መያዝ ብዙ ዙር ዞረ። «ያዩታል ሲስተር? ክላቹ ሞቷል። ደህና ቢሆን እጄን ይዞ ይከለክለኝ ነበር» አሉኝ። በፋን ክላቹ ዙሪያ ዘይት ወጥቶ አቧራ ጠጥቶ ነበር፤ ያ የሲሊኮኑ ዘይት ነው። ቀጥለው ራዲያተሩን በባትሪ አበሩበት። ክንፎቹ መሀል የጤፍ ገለባና ጭቃ ገብቶ ተጋግሯል፤ ከማዶ ብርሃን አያሳልፍም። በመጨረሻ ክዳኑን አወጡት፤ ጎማው እንደ ቀንድ ደርቋል።

«ይህን ሁሉ ትቶ ኤሌክትሪክ መግጠም ለወባ በሽተኛ በእርጥብ ፎጣ እያበረዱ ኪኒኑን እንደመንፈግ ነው» አሉ። ይህን አባባል እኔ ቀድሜ ባገኘው ደስ ባለኝ ነበር።

ፋን ክላቹ ከሁለቱ ፋኖች በዋጋ ይበልጣል። ልጄ አኮረፈ፤ የባንኩ ወርኃዊ ክፍያ ደርሶበት ነበርና አልፈረድኩበትም። ግማሹን እኔ ቻልኩ። መኪናው ዘጠኝ ቀን ቆመ፤ ራዲያተሩ ወርዶ ታጠበ፣ ክላቹ ተቀየረ፣ ክዳኑ ተቀየረ፣ መካኒኩ ቺንጋውንም አብረው ቀየሩት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ዓባይን ተሻግሯል። ጌጁ መሀል ላይ ቆሞ ጎሐ ጽዮን ይገባል። የእህቴ ልጅ ሁልጊዜ ከላይ ይደውልልኝና «አክስቴ፣ ትኩሳት የለውም» ይለኛል።

የኤሌክትሪክ ፋን ጠላት አይደለሁም። የልጄ ጓደኛ ከተማ ውስጥ ለስላሳ የሚያከፋፍልባት መኪና ላይ አስገጥሞ ረክቷል። ውሎው ትራፊክ ውስጥ ነው፤ ዳገት እምብዛም አያውቅም። እሱም ቢሆን በደንብ ያሠራ ነው፤ ወፍራም ሽቦ፣ ሪሌ፣ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ፣ አየሩ ሁሉ በራዲያተሩ እንዲያልፍ የቆርቆሮ መከለያ፣ ፋኑ ሥራ ሲያቆም የሚነግረው መብራትም አለው። ፊውዝ ተቃጥሎ ፋኑ ቢቆም ሹፌሩ የሚያውቀው ውሃው ከፈላ በኋላ መሆን የለበትም። አንድ ነገር ብቻ አያቶች ልብ በሉልኝ። አንዳንዱ የኤሌክትሪክ ፋን ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በሙቀቱ ብቻ ድንገት ተነስቶ ይዞራል። ጸጥ ያለ መኪና ነው ብላ ጣቷን የምታስገባ ሕፃን ያለችበት ቤት ይህን ማወቅ አለበት። የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጄ አባቷ ሞተር ሲያይ ከጎኑ ጠፍታ አታውቅም።

ሁለቱ ፋኖች አሁን እኔ ዕቃ ቤት ከሽንኩርቱ ጎን ተቀምጠዋል። ልጄ አንዱን ለረዳትነት ከራዲያተሩ ፊት ልግጠመው ይላል፤ መካኒኩ ደግሞ ባልተነሳ ጊዜ አየር ይጋርዳል ይላሉ። ክርክሩ አላለቀም። ልጄ ማክሰኞ ወደ ቢቸና ይሄዳል፤ ሲመለስ ጋራዥ እንቀጣጠራለን።