የቅዳሜ ቦርሳ

ዓርብ ማታ ከራት በኋላ ቦርሳዬን አልጋ ላይ ዘርግቼ መክተት ስጀምር ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «ደግሞ ለስንት ቀን ነው የምትሄደው?» ትለኛለች። የምሄደው ለሦስት ሰዓት ነው፤ ያውም ከቤታችን የሃያ ደቂቃ መንገድ። ግን አልፈርድባትም። ሁለት ራኬት፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ ቅያሪ ካናቴራ፣ ፎጣ፣ ቱታ (የአዲስ አበባን ጠዋት ማን ያምናል?)፣ የጉልበት ማሰሪያ፣ የሚሸት ቅባት፣ ሁለት ሃይላንድ ውሃ፣ ሙዝ፣ በፌስታል የተቋጠረ ቆሎ። ይህ እንግዲህ ለእኔ ብቻ ነው። ቴኒስ የጀመርኩት ሠላሳዎቹን አጋምሼ ነው፤ አሁን ሃምሳዎቹን እያጋመስኩ ነው። ያኔ አንድ ራኬትና አንድ ፎጣ ይዤ ነበር የምሄደው። ጉልበት የሚባል ነገር እንዳለኝም አላውቅም ነበር።

(ቴኒስ ስል የሜዳ ቴኒሱን ነው። አንድ ወዳጄ እስካሁን የጠረጴዛው እየመሰለው ራኬቴን ባየ ቁጥር «ጠረጴዛው ምን ቢያክል ነው?» ይለኛል።)

የተቀረው የልጆቹ ነው። ልጆቹ ስምንት ናቸው፤ እኛ ስንጫወት ኳስ እየለቀሙ ሳንቲም የሚያገኙ የሰፈር ልጆች። እኔን ያስተማረኝ አሰልጣኝም ኳስ ለቃሚ ሆኖ ነበር የጀመረው፤ ብድሩን ለመክፈል ይሁን ማስተማር ስለናፈቀኝ አላውቅም፣ ከእኛ ጨዋታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት አሰለጥናቸው ጀመር። ለእነሱ ፊሽካ እከታለሁ። ፕላስተር፣ የራኬት እጀታ መጠቅለያ፣ ሰው የሰጠኝ ሁለት ትንንሽ ራኬቶች፣ የሜዳው መረብ ከፍ ለሚልባቸው ሕፃናት ዝቅ አድርጌ የምወጥረው ሲባጎ። ደግሞ ጠመኔ። ከክፍል ከወጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ ጠመኔ ግን ከእጄ አልወጣም፤ ሲሚንቶው ላይ ክብ እሠራና «እዚህ ውስጥ ጣሏት» እላቸዋለሁ። ከሁሉ የሚከብደው ቦርሳው ውስጥ አይገባም፤ በማዳበሪያ የምሸከማቸው አሮጌ ኳሶች ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ኳስ ጥቂት ልበል፤ እሱን ሳይረዱ የእኔን ጥፋት መረዳት አይቻልም።

የቴኒስ ኳስ ጸጉራም ጨርቅ የለበሰ ላስቲክ ነው፤ ነፍሱ ውስጡ የታመቀው አየር ነው። የሚሸጥበት ጣሳም አየር ታምቆበታል፤ ክዳኑን ስትስቡት «ፍሽሽ» የሚለው ለዚህ ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የኳሱ አየር በላስቲኩ ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል። ብትጫወቱበትም ባትጫወቱበትም ይወጣል። ቆጥቤ ላኑረው ብላችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ ብትቆልፉበት ከሳምንታት በኋላ የምታወጡት የደከመ ኳስ ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ የተለመደው ኳስ ከ254 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሲለቀቅ ከ135 እስከ 147 ሳንቲ ሜትር መንጠር አለበት ይላል። ከ1,219 ሜትር በላይ ላለ አገር ደግሞ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ነጠራው ቀነስ ያለ የተለየ ኳስ አለ። እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየር ያልታመቀበት ሌላ ዓይነትም አለ፤ እሱ ውድድሩ በሚካሄድበት ከፍታ 60 ቀን መሰንበት አለበት። 60 ቀን! ከአሜሪካ የመጣ ዘመዳችን እንኳ በሳምንቱ እንጦጦን ይወጣል።

እኛ የምንጫወተው በተገኘው ነው። የተገኘውም ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ዋጋውን ለባለቤቴ ነግሬያት አላውቅም። እዚህም አልጽፈውም፤ ጋዜጣ ታነባለች።

ስለዚህ ሥርዓት አበጀሁ። አዲሱ ጣሳ ለእኔና ለጓደኞቼ የጥንድ ጨዋታ፤ ሲደክም ወደ ማዳበሪያው፤ ማዳበሪያው ለልጆቹ። ኅሊናዬን የማስተኛበት ማስረጃም ነበረኝ። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች በውድድር ላይ በተራው ኳስ እንዳይጫወቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተደንግጓል፤ ቀይ፣ ብርቱካናማና አረንጓዴ የሚባሉ ዝግ ያሉ ኳሶች አሉላቸው። እነሆ ዝግ ያለ ኳስ፣ አልኩ ለራሴ። ግን ያ ኳስ ዝግ እንዲል ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሁሌም እኩል ይነጥራል። የእኔዎቹ አንዱ ጉልበት፣ አንዱ ቁርጭምጭሚት የሚደርሱ፣ ጸጉራቸው ያለቀ ራሰ በራዎች ናቸው። ደግሞስ ከልጆቹ ግማሾቹ 10 ዓመትን ከተሻገሩ ቆይተዋል። አንዱ «ጋሼ፣ ዛሬ እንኳን በአዲሱ» ሲለኝ «ራስ ሳይጠና ጉተና!» ብዬ አስቄበታለሁ።

ያ ልጅ 13 ዓመቱ ነው፤ ከስምንቱ ዝምተኛው። ኳስ ሲለቅም ኳሱን ሳይሆን የተጫዋቹን እጅ ነው የሚያየው። ሁለት ወር ሙሉ የቀኝ ምቱ መረብ ላይ ይቀርበት ነበር። እኔም ሁለት ወር ሙሉ «ምቱን ጨርሰው! ክንድህን አታሳጥር!» ስል ከረምኩ። አስተማሪ ነበርኩና ስህተት አይቼ ዝም ማለት አልችልም። ልጁ ሲጨንቀው ኃይል ጨመረ። ኃይል ሲጨምር የእጁ አንጓ ያመው ጀመር፤ አንድ ቅዳሜ በጨርቅ አስሮት መጣ። «እረፍበት» አልኩት። ባለሙያ መምሰሌ ነው።

በሌላ ቅዳሜ የጥንድ ጓደኛዬ ለቅሶ ገጠመውና ቀረ። የቀሩት ሁለቱ «ሦስት ሆነን ምን እንጫወታለን» ብለው ቡና ሊጠጡ ሄዱ። እኔ ጣሳዬን ከፍቼዋለሁ፤ ፍሽሽ ብሏል። ልጁን ጠራሁት። የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ምቶቹ አጥሩን ዘለው መንገድ ላይ ወደቁ። «ይቅርታ ጋሼ» እያለ እየሮጠ ያመጣል። «ምን ነካህ?» አልኩት እኔ ደግሞ። ከዚያ ክንዱን ላላ አደረገ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከግራ ወደ ቀኝ ያሯሩጠኝ ጀመር፤ ጉልበቴ እንዳለ አስታወሰኝ።

ውሃ ልንጠጣ ስንቆም አንድ አዲስ ኳስና ከማዳበሪያው አንድ አሮጌ አነሳ። ሁለቱንም ከግንባሩ እኩል ለቀቃቸው። አንዱ ወገቡ ጋ ደረሰ። ሌላው ጉልበቱን ሳይነካ ተመለሰ። ደገመው። ከዚያ ቀና አለና፣ ቅሬታ በሌለበት ድምፅ፣ እንዲያውም ደስ ብሎት፣ «ለካ እኔ አይደለሁም!» አለ።

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ ማታ ስከት ታዲያ ይህ ልጅ ብቻውን አይመጣብኝም። በ1990ዎቹ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለ60 ያህል ተማሪዎች «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብባችሁ ኑ ብዬ አዘዝኩ። ከ500 ገጽ በላይ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ የነበሩት ቅጂዎች በጣት ይቆጠራሉ፤ ወረፋው በቀን ነው። ከገጠር የመጣ አንድ ተማሪ ስለ ልቦለዱ አጀማመርና ስለ መሃሉ እስከ ዛሬ የማልረሳውን መልስ ጻፈ። ስለ አጨራረሱ ለጠየቅሁት ግን አንዲት መስመር የለም። በቀይ እስክሪብቶ «ጨርሰህ አላነበብክም» ብዬ ነጥቡን ቆረጥኩ። ውጤቱ ከሄደ በኋላ ለሌላ ጉዳይ ከቅጂዎቹ አንዱን ተዋስኩ። ሽፋኑ ላይ የተለጠፈው የውሰት ወረቀት የልጁን ስም ይዟል። የመጨረሻዎቹ ገጾች ግን የሉም፤ ተገንጥለው ጠፍተዋል። የእኔው ሙሉ መጽሐፍ ቢሮዬ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ይበላሽብኛል ብዬ አላውስም። ተማሪው «ገጽ ጎድሎታል» ብሎ አላመለከተም። ቢነግረኝም ሰበብ ነው የምለው። ፈልጌ አጣሁት ብል ውሸት ነው፤ አልፈለግሁትም።

አሁን ሥርዓቱን ገልብጬዋለሁ። ለስምንት ልጅ የሚበቃ አዲስ ኳስ መግዛት አልችልም፤ ስለዚህ ጣሳው የሚከፈተው በልጆቹ ሰዓት ነው፣ ሦስቱ ኳሶች በተራ ይዳረሳሉ፤ ማዳበሪያው ለመቀባበልና ጠመኔው ክብ ውስጥ ለመወርወር። ጓደኞቼ ሲመጡ እጃቸው የሚገባው ልጆቹ አንድ ሰዓት የደበደቡት ነው። ጡረታ የወጣው የባንክ ሰው ጨመቅ ያደርገውና «ይሄ ተነክቷል» ይላል። እሱ አንድም ቀን ጣሳ ገዝቶ መጥቶ አያውቅም። በቀደም ኳሱ መረብ ላይ ሲቀርበት «ምቱን ጨርሰው» አልኩት። ግን ልናዘዝና፣ ፎጣው ሥር ሁለተኛ ጣሳ ሸሽጌ የምሄድባቸው ቅዳሜዎች አሉ።

ቦርሳው ዳር ኪስ ውስጥ ላስቲክ ፋሻ አለ። ለልጁ አንጓ የገዛሁት ነው። ለሦስት ሳምንት አሰረው፤ ከዚያ ወዲህ አልጠየቀኝም። ትናንት ማታ ባለቤቴ አውጥታ «ይሄስ የምንህ ነው?» አለችኝ፤ ሌላ የሚያመኝ ቦታ የተገኘ መስሏት። ተቀብያት መልሼ ከተትኩት።