ርቀትና ሰዓት

ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካ የሚመስለው ሰው፥ ከደባርቅ ጥቂት ወጣ ብሎ ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ ቢቆም ሐሳቡን ለመለወጥ ይገደዳል። ከእግሩ በታች የተዘረጋው ቆላ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስበት ይመስላል፤ መንገዱ ግን ገደሉን ለመውረድ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ፥ ዓይን በቅጽበት የጨረሰውን እግር በብዙ ሰዓት ይከተለዋል።

ስለዚህ «ከጎንደር እስከ አክሱም ምን ያህል ይርቃል?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አንድ አይደለም። ካርታ ዘርግቶ በማስመሪያ ለሚለካ ሰው 215 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና ለሚሄድ ግን ዳባትን በ75፥ ደባርቅን በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ አልፎ፥ ሊማሊሞን ወርዶ፥ ተከዜን ተሻግሮ በሽሬ በኩል ሲደርስ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆንበታል። ትርፉ ሁሉ የተራራውና የሸለቆው ድርሻ ነው።

ጊዜውም እንደ ዘመኑ ይለያያል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1762 ዓ.ም. ከምፅዋ አካባቢ ተነሥቶ፥ በዓድዋ በኩል መጥቶ፥ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር የገባው በየካቲት ነበር፤ በየመንገዱ ያረፈበት ጊዜ ሳይቀነስ ሦስት ወር ያህል ፈጀበት። ጣልያኖች በወረራው ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ገደሉን ፈልፍለው የመኪና መንገድ ካወጡ በኋላ የሳምንታት የበቅሎ ጉዞ በቀናት የሚፈጸም ሆነ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ካደረገ ወዲህ ደግሞ ሌላ ሒሳብ መጣ። አውሮፕላን ሊማሊሞን አያውቀውም። በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር የሚበር ቢሆን ያንን 215 ኪሎ ሜትር በ26 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ለመነሣትና ለማረፍ የሚፈጀው ቢጨመርበት እንኳ አንድ ሰዓት አይሞላም።

ነገር ግን ይህ ሒሳብ የጉዞ ዋጋ ላለው ሰው የተሠራ ነው። ከቧሂት ጫፍ ላይ ቆሞ 4,550 ሜትር ገደማ የሚደርሰውን ራስ ደጀንን የሚያይ ሰው «ቅርብ ነው» ይላል፤ በመካከሉ ያለውን ጥልቅ ሸለቆ ወርዶ የወጣ ግን እንዲህ አይልም። በምጥ የተያዘችን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ዳገቱን ለሚወጡ ጎረቤቶች፥ ርቀት ማለት የሸካሚው ትንፋሽና የቀረው የፀሐይ ብርሃን ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ርቀት ግን በካርታ ላይ የማይጻፈው ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት በተነሣ ጊዜ ይህ ጥንታዊ መንገድ ተቋረጠ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የተከዜ ድልድይ ፈረሰ። ተራራው ስንዝር አልጨመረም፥ ወንዙም አልሰፋም፤ ይሁን እንጂ በወዲህና በወዲያ ያሉ ዘመዳሞች ለልቅሶ እንኳ መድራረስ የማይችሉ ሆኑ። በ26 ደቂቃ የሚታለፈው አገር ከካይሮ ይልቅ ራቀ።

መሐንዲስ ገደልን ይፈለፍላል፥ አብራሪም ከተራራ በላይ ያልፋል፤ በሰውና በሰው መካከል የተከፈተውን ገደል ግን ከዕርቅ በቀር የሚደለድለው የለም። እንግዲህ መንገድ ይሠራልን የሚል ሁሉ፥ በመንገዱ ላይ የሚያስኬደውን ሰላም አስቀድሞ ይሥራ።