«ዴሲቤል ወራጅ አለ?»

ሾፌሩ ሙዚቃውን እስከ ጥግ ለቆታል። ከኋላ ወንበር አንድ ጎልማሳ «ኧረ ወንድሜ፣ ዴሲቤሉን ቀንስልን!» ቢሉ፣ ወያላው ዞር ብሎ «ዴሲቤል ወራጅ አለ?» አለ። ታክሲው በሳቅ ፈረሰ፤ ሙዚቃው ግን እንደነበረ ቀጠለ። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ቃሉ ከስልኩ ሰውዬ ከአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጋር ዝምድና እንዳለው የሆነ ቦታ ያነበብኩ መሰለኝና ቤት ስገባ ማገላበጥ ያዝኩ።

ዝምድናውስ አለ። ቃሉን ያወጡት የአሜሪካ ስልክ መሐንዲሶች ግን የጩኸት ነገር አላሳሰባቸውም፤ የጨነቃቸው ድምፅ በሽቦ ሲጓዝ ምን ያህል ደክሞ እንደሚደርስ ነበር። ቀድሞ ይህን ኪሳራ የሚለኩት በገመድ ማይል ነው። በ1920ዎቹ ሌላ መለኪያ አበጁና እ.ኤ.አ. በ1928 ዴሲቤል አሉት፤ በስልኩ ሰውዬ ስም የተጠራው መለኪያ የ«ቤል» አንድ አሥረኛ። እንግዲህ ዛሬ በጩኸት የምናውቀው ቃል የተወለደው የድካም መለኪያ ሆኖ ነው።

እዚህ ላይ ነው ለጆን ኔፒየር የተቆረቆርኩት። የዴሲቤል ነፍሱ ሎጋሪዝም ነው፤ ሎጋሪዝምን በ1614 አሳትሞ ለዓለም ያበረከተው ደግሞ ኔፒየር። አውሮፓውያኑ በስሙ «ኔፐር» የሚባል ተፎካካሪ መለኪያ ይዘው ነበር፤ አንዱ 8.69 ዴሲቤል ገደማ ይሆናል። ዛሬ ኔፐርን ከመሐንዲስ በቀር ማን ያውቀዋል? የሚገርመው ኔፒየርም ቤልም የኤድንብራ ልጆች መሆናቸው ነው። አንዱ የአገር ልጅ ሒሳቡን ሠራ፣ ሌላው ስሙን ወሰደ። ዴሲቤል በአሥር ቤት፣ ኔፐር በሌላ ቤት እንደሚቆጥሩ አልጠፋኝም፤ ግን ስም አውጪዎቹ መሐንዲሶች የቤልን ስም ከተሸከመ ድርጅት ደመወዝ ባይበሉ ኖሮ ነገሩ እንዲህ ይሆን ነበር? ሐሜት ከሆነ ይሁንብኝ።

የኔፒየር ሒሳብ እኔንም አልማረኝም። በአገራችን ደንብ የመኖሪያ ሰፈር ድምፅ ጣሪያው ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ከመስኮቴ ሥር ደግሞ ሁለት ሙዚቃ ቤቶች ፊት ለፊት ተፋጠዋል። እያንዳንዳቸው 80 ቢለቁብኝ ድምሩ 160 አይደለም፤ 83 ነው። ስለዚህ አንዱን ከስሼ ባስዘጋው፣ ከዚያ ሁሉ የፍርድ ቤት ምልልስ በኋላ የማተርፈው ሦስት ዴሲቤል ብቻ ነው።