ሞላሌ ድረስ መዝሙር ይዘን

«መንዝ ሄዳችሁ መዝሙር ልታስጠኑ? ይኼማ ለቀባሪው ማርዳት ነው!» ያሉን ወዳጆች ነበሩ። እውነት አላቸው፤ ግን ግማሽ እውነት። መንዝ ካህንና ደብተራ የጠፋበት አገር አይደለም። ችግሩ መሪጌታው አንድ ጥግ ተቀምጠው ወጣቱ መዝሙር የሚያጠናው ከስልክ ሜሞሪ ካርድ መሆኑ ነው።

እኛ አዲስ አበባ በሰንበት ትምህርት ቤት የምንዘምር ስድስት ጓደኛሞች ነን። ለዚሁ ሥራ ዋሽንግተንና ለንደን ድረስ የሚሄዱ ጓደኞች አሉን። እዚያ ያሉ ልጆች አማርኛውን በላቲን ፊደል ጽፈው እያነበቡ ይዘምራሉ አሉን። ለእኛ የደረሰን ግን ሞላሌ ነው! በጥር 2011 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማግስት፣ ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማ በር ላይ ከደሴው አስፋልት ተገነጠልንና ማማ ምድር ገባን። ብርዱን ተዉት። የመንዝ ሰው ባና የሚለብሰው ለጌጥ አይደለም።

ከከተማው ወጣ ባለች አንዲት አጥቢያ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ጠበቁን። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ «አዲሱን መዝሙር አስጠኑን።» እኛ ደግሞ ገና ከአዲስ አበባ ሳንነሳ የተስማማንበት ነገር አለ፤ ከልጆቹ በፊት መሪጌታውን እንጠይቃለን።

«የኔታ፣ ምን ብናስጠናቸው ይወዳሉ?»

«ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮውም ጸናጽሉም ይቀመጣል። ያን ጊዜ ድምፃቸው ብቻውን መቆም ይችል እንደሆን እዩልኝ» አሉን።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከበሮ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ዜማ የጠፋበት ዘማሪ ምቱ ይደግፈዋል፣ ጭብጨባው ያደምቅለታል። የመጀመሪያውን ቀን ያለ ከበሮ አዘመርናቸው። ሁለት ስንኝ ሳይሞላ ገሚሱ ሽቅብ ወጣ፣ ገሚሱ ዝም አለ። ልጆቹ ራሳቸው ሳቁ።

በማግስቱ የኔታ መሐል ተቀመጡ። ሥራችንም ተለወጠ፤ እሳቸው ይመራሉ፣ እኛ እንቀበላለን፣ ልጆቹ ይከተላሉ። አንድ አጭር ውረብ ሦስት ቀን ፈጀብን። ግእዙ፣ ዕዝሉ፣ አራራዩ እንዴት እንደሚለያይ በቃል ሳይሆን በጆሮ አሳዩአቸው። ድጓቸውን ገልጠው ከፊደሉ በላይ የተደረደሩትን ደቃቅ ምልክቶች አስነበቡን፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት...

ስለ እነዚህ ምልክቶች አንድ ነገር እንበላችሁ። ዜማው የቅዱስ ያሬድ ነው፤ 6ኛው ክፍለ ዘመን። የፊደል ምልክቶቹን ያደራጁት ግን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይነገራል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1540 እስከ 1559 በነገሡት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን። ጊዜውን ልብ በሉ። በግራኝ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው፣ መጻሕፍት ጠፍተው፣ ሊቃውንት አልቀው ነበር። ከዚያ ሁሉ በኋላ የተረፉት ሰዎች ዜማው ሳይረሳ በፊት በብራና ላይ ምልክት አኖሩለት።

ምልክቱ ግን ብቻውን አይዘምርም፤ የሚያነበው ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ በሦስት ቀን ሥልጠና አይገኝም። ድጓ የሚማር ልጅ ቤቱን ትቶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ዓመታት ይቆጥራል። ቤተልሔም ድረስ ጋይንት የሚወርድ አለ። የሸዋው የተጉለት ዜማ ግን ለመንዝ ልጅ ጎረቤት ነው። እኛ በሄድንበት ጊዜ የኔታ የቀሯቸው ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። ሌላው ወጣት ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ነው፤ ማን ይፈርድበታል?

ስለዚህ ሞላሌም ሂዱ ዋሽንግተን፣ እኛ የምንላችሁ አንድ ነው፤ አሠልጣኝ ሄዶ ይመጣል፣ የሚቀረው መምህር ነው። በቦርሳችሁ አዲስ መዝሙር ያዙ፣ ግድ የለም። ስትመለሱ ግን ልጆቹ የእናንተን ስልክ ቁጥር ሳይሆን የመምህራቸውን ደጅ የሚያውቁ ይሁኑ። እኛ ስንለያይ አምስት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ የኔታ ዘንድ ሊሄዱ ቃል ገቡ። አምስት ትንሽ ነው፤ ከሁለት ግን ይበልጣል።

ከዚያ ወዲህ አገሩ ብዙ አየ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ሲደርስ ስልካቸው አልገባ ብሎን ከረምን። ኋላ አንዷን ልጅ አገኘናት። ደኅንነታቸውን ጠየቅን፣ ስለ የኔታ ጠየቅን፤ ደኅና ናቸው። መዝሙሩስ? አልናት።

«ጾሙ ሲገባ ከበሮው ተቀመጠ፤ እኛ ግን አልተቀመጥንም» አለችን።