ሁለት ጫፍ ያለው ገመድ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ አባቶች። በአገራችን ልማድ የውሻ ሥፍራው ደጅ፣ ሥራውም ቤት መጠበቅ ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ውሻ ከጌታው ጋር ባሕር ዳር ወርዶ እንዲናፈስ ሥፍራ ተለይቶለታል፤ ደንብም ተሠርቶለታል። ይህን የሰማ ሰው አስቀድሞ ይሥቃል፤ ነገሩን ቀርቦ ሲመለከተው ግን ከሚሥቅበት የሚማርበት ይበዛል።

ታላቅ ወንድሜ በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርዊች ከተማ መኖር ከጀመሩ 30 ዓመት አልፏቸዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት መውጣት እንደ ተዉ ልጃቸው በስልክ ሲነግረኝ ልቤ ያዝን ነበር። ባለፈው ሰኔ ልጠይቃቸው ብሄድ፣ ከእርሳቸው ቀድሞ በደጃፍ የተቀበለኝ ቡቺ የሚሉት ጥቁር ውሻ ሆነ። በማግሥቱም ማልደው «ተነሥ እንጂ፣ ቡቺ ባሕሩ ናፍቆታል» አሉኝና በልጃቸው መኪና ወደ ሆልካም ወረድን።

ሆልካም በኖርፎክ ሰሜናዊ ጠረፍ የሚገኝ እጅግ ሰፊ የአሸዋ ዳርቻ ነው። ከኋላው ያሉት ጥዶች በ19ኛው መቶ ዓመት የተተከሉት ነፋስ የሚነዳውን አሸዋ እንዲይዙ ነው። ባሕሩ በሸሸ ጊዜ ውሃው ዐይን እስኪታክት ድረስ ይርቃል። በእንግሊዝ ባሉ በብዙ ዳርቻዎች ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ውሻ ማስገባት ክልክል ሲሆን፣ ሆልካም በበጋም ውሻን ይቀበላል። ነገር ግን ሥፍራው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1967 ጀምሮ የተፈጥሮ ጥብቅ ክልል ስለ ሆነ፣ ወፎች በሚፈለፍሉበት ወራት በተለየው ክፍል ውሻ በገመድ እንዲያዝ ግድ ነው።

የደንቡም ምክንያት ይህ ነው። ከምዕራብ አፍሪካ ባሕር አቋርጣ የምትመጣ አንዲት ትንሽ ነጭ ወፍ እንቍላሏን የምትጥለው በዛፍ ላይ ሳይሆን በባዶ አሸዋና ጠጠር ላይ ነው። እንቍላሉ መልኩ ከአሸዋው ስለማይለይ እግር ይረግጠዋል። እናቲቱ ደንግጣ ብትነሣም እንቍላሉ ይበርዳል፤ ወይም ሌላ ወፍ ይበላዋል።

ቡቺ ሽታ ተከትሎ ወደዚያ ሊሮጥ ሲታገል፣ ወንድሜ ገመዱን በእጃቸው ጠቅልለው ያዙት። «ወንድም ጋሼ፣ ይህን ያህል ክፉ ነውን?» ብላቸው፣ «ክፉስ አይደለም፤ እንቍላሉን አያየውም። እኔ አይለታለሁ» አሉኝ። ከክልሉ አልፈን ወደ ውሃው ስንቀርብ ፈቱት፤ እርሱም እንደ ቀስት ተወረወረ።

በዚያ አገር የማይተዋወቅ ሰው እምብዛም አይነጋገርም። ሆኖም የአንዲት ሽማግሌ ሴት ነጭ ውሻ ከቡቺ ጋር መሯሯጥ ሲጀምር፣ ሴቲቱ ስሙን ጠየቁ፤ ከስሙ ወደ ዕድሜው፣ ከዕድሜው ወደ ኑሮ ተሻገሩ። እርሳቸውም ባላቸውን ያጡ ነበሩ። ወንድሜ ከቀብሩ ወዲህ ያልሰማሁትን ሣቅ ሲሥቁ ሰማሁ።

በያዙት ከረጢት ውስጥም የውሻውን ኵስ ማንሻና ንጹሕ ውሃ ነበር፤ የጨው ውሃ የጠጣ ውሻ ይታመማልና። በ1992 የወጣው ደንብ በሕዝብ ሥፍራ የሚሄድ ውሻ አንገት ላይ የባለቤቱ ስምና አድራሻ እንዲኖር ያዝዛል፤ ከ2016 ወዲህ ደግሞ ከቈዳው በታች ጥቃቅን መለያ ይቀመጥለታል። እንስሳን የወደደ ሰው ስለ እንስሳው ይጠየቃል ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ገመድ ሁለት ጫፍ አለው። ያ ገመድ በአንዱ ጫፍ ቡቺን ከወፎቹ ጎጆ ጠበቀ፤ በሁለተኛው ጫፍ ወንድሜን ከኀዘን ቤት ስቦ አወጣ። በየቤታችን ወይም በጎረቤታችን ብቻውን የተቀመጠ አረጋዊ አይጠፋም። ማለዳ ተነሥቶ የሚወጣበት፣ የሚጠብቀውና የሚጠየቅበት አንድ ነገር እንፈልግለት፤ ነገሩም ትንሽ ነው ብለን አንናቀው።