«ዜሮ» ብሎ የወጣው ፕሮግራም

ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ብዙ በማይርቅ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራ አንድ ወጣት አለ። በትርፍ ጊዜው በሲ ቋንቋ ፕሮግራም ይጽፋል። አንዱ ፕሮግራሙ በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የተተየበ ጽሑፍ ወስዶ ወደ ዩኒኮድ ይቀይራል። ጌጥ የለውም፤ ትእዛዙን በአንድ መስመር ይጽፉለታል፣ ይሠራል፣ ይወጣል።

አንድ ቀን የአፎቻ ጸሐፊ የሆኑ አዛውንት አሮጌ ላፕቶፕ ይዘው መጡ። ውስጡ የዓመታት መዝገብ አለ፤ ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ለማን ሐዘን ስንት እንደወጣ። ላፕቶፑን ለልጅ ልጃቸው ሊሰጡት ስለሆነ፣ የተቀየረው ፍላሽ ላይ እየተጻፈ የድሮው እየጠፋ እንዲሄድ ተስማሙ። ፋይሎቹ አርባ ይሆናሉ። ፕሮግራሙ ለሁሉም ዜሮ መለሰ። አንድ ፕሮግራም ሲወጣ ላሰማራው ቁጥር ይመልሳል፤ ዜሮ ማለት «በሰላም ጨርሻለሁ» ነው። ይህን ያየው ተከታዩ ትእዛዝ ዋናዎቹን አጠፋ።

ማታ ሲከፈቱ የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ፋይሎች ባዶ ነበሩ። ፍላሹ ሞልቶ ነበር።

ፕሮግራሙ እንዴት ዋሸ? በሲ «ጻፍ» የተባለ ነገር ወዲያው ዲስክ ላይ አይወርድም፤ ባፈር በሚባል ማቆያ ይጠራቀማል። ትንሽ ፋይል ከሆነ ሙሉው የሚወርደው ሲዘጋ ነው። «ቦታ የለም» የሚለው ስሕተትም የሚመጣው ያኔ ነው። ወጣቱ ሲጽፍ ተሳካ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ሲዘጋ ግን አይጠይቅም ነበር። (ስንቱ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት እንዲህ ነው! ሥራው መድረሱ ሳይታይ «ተጠናቋል» ይባላል።)

የሲ ጸሐፊዎች መውጫውን ችላ የሚሉት በምክንያት ነው። ሌሊት በጀጎል ግንብ ቀዳዳ የሚገቡት ጅቦች የተጣለውን እንደሚጠርጉ፣ ፕሮግራም ሲሞትም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የያዘውን ሚሞሪ ይሰበስባል። ግን ጅብ አጥንት ይጠርጋል እንጂ የተረሳ ደብዳቤ አያደርስም።

ወጣቱ ኮዱን ከፈተው። ሜይን የሚባለው ዋና ክፍል ከ300 መስመር ያልፋል፤ «ውጣ» የሚለው ትእዛዝ አሥራ አንድ ቦታ ተበትኗል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር ሲገባ ግንቡ አምስት በሮች ነበሩት፤ ማታ ቁልፎቹ ለአሚሩ ይቀርቡ እንደነበር ጽፏል። እዚህ ግን አሥራ አንድ በር፣ እያንዳንዱም ዘበኛ ቁልፉን በኪሱ!

ስለዚህ ሜይንን ወደ ሃያ መስመር አወረደው፦ ትእዛዙን አንብብ፣ አዘጋጅ፣ ሥራ፣ ዝጋ። የውስጥ ክፍሎች ውጤታቸውን ወደ ላይ ይመልሳሉ እንጂ ራሳቸው አይወጡም። የተከፈተው በተከፈተበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ይዘጋል። አዲሱ ፋይል በጊዜያዊ ስም ተጽፎ፣ መዘጋቱ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ እውነተኛ ስሙን ያገኛል። አዲስ ግኝት አይደለም፤ ጂኤንዩ ኮርዩቲልስ የሚባሉት የትእዛዝ መሣሪያዎች ገና ሲነሱ «ስንወጣ ውጤታችን በትክክል መጻፉን አረጋግጥ» የሚል አደራ ያስመዘግባሉ።

መግቢያውንም አልተወውም። በጥር 2014 ዓ.ም. ኳሊስ የተባለ የደኅንነት ድርጅት ብዙ የሊኑክስ ማሽኖች ላይ የሚገኘው ፒኬኤግዜክ ከ12 ዓመት በላይ ቀዳዳ እንደነበረበት ይፋ አድርጓል። የሲ ፕሮግራም ሲነሳ የተሰጠውን የቃላት ብዛት ይቀበላል፤ የመጀመሪያው ቃል የራሱ ስም ስለሆነ ከ1 አያንስም ተብሎ ይታመን ነበር። ዜሮ ሲላክለት ግን ፒኬኤግዜክ ከዝርዝሩ አልፎ አጠገቡ ያለውን ሌላ ዝርዝር ያነብባል፤ በዚያ በኩል ተራ ተጠቃሚ የማሽኑ ሙሉ አዛዥ ይሆናል። «ከ1 ካነሰ ውጣ» የሚል ፍተሻ በሩን ይዘጋው ነበር። የወጣቱ ፕሮግራም አሁን በዚያ ፍተሻ ይጀምራል።

ሲጨርስ ያንኑ የሞላ ፍላሽ ሰክቶ ሞከረው። «ፍላሹ ሞልቷል፤ ፋይሉ አልተቀየረም» ብሎ በ1 ወጣ።

ከዘጠኙ ስድስቱን አዛውንቱ ቤት ካለ ወረቀት መልሰው አስተየቡ። የሦስቱን ወረቀት አላገኙም፤ አባላቱ ቤት እየዞሩ «ያን ዓመት ስንት ነበር የከፈላችሁት?» እያሉ ይጠይቃሉ።