ለአንዲት ኤሊ አራት ኩንታል ውሃ

ከአዲስ አበባ የወጣሁት በሐምሌ ዝናብ፣ ሹራብ ደርቤ ነበር። ዋሺንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ደጃፍ ላይ የጠበቀኝ ሙቀት ግን መኪናው ጋ ሳልደርስ ሹራቡን አስወለቀኝ። ለሁለት ወር የምሰነብተው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው የእህቴ ቤት ነው። ከዋሺንግተን ዲሲ ጋር የምትዋሰነው ይህች ከተማ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለችም። በጆርጂያ ጎዳናና በፌንተን መንገድ ሲዘዋወሩ በአማርኛ የተጻፈ የምግብ ቤት ስም፣ በርበሬና ሽሮ የሚሸጥ ሱቅ፣ በአማርኛ ሰላም የሚል አላፊ አግዳሚ አይጠፋም።

ከመምጣቴ በፊት የማያቸውን ሙዚየሞች በዝርዝር ጽፌ ነበር። ዝርዝሩን ያስጣለችኝ መዳፌ ላይ የምታርፍ አንዲት ኤሊ ናት።

የፕላስቲኩ ሳጥን

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ እጄን ይዞ ወደ ሳሎኑ ጥግ ወሰደኝ። “አክስቴ፣ ስፒዲን እይያት!” ስፒዲ ማለት “ፈጣኗ” እንደማለት ነው። ፈጣኗ ግን አትንቀሳቀስም። ከጫማ ካርቶን በማይበልጥ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ፣ ሁለት ጣት በማይሞላ ውሃ፣ ከአንዲት የፕላስቲክ ዘንባባ ሥር ዓይኗን ግማሽ ጨፍና ተኝታለች።

የተገዛችው ባለፈው ዓመት የበጋ ዕረፍት፣ በአንድ የባሕር ዳርቻ ከተማ ከመንገድ ዳር ሻጭ ነው። ያኔ የሳንቲም ያህል ነበረች። ሻጩ ከሳጥኑ ጋር አስረክቦ “ከዚህ አታድግም” ብሏቸዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር ያላት ይህች የውሃ ኤሊ ቀይ ጆሮ በመባል ትታወቃለች፤ የትውልድ ቦታዋ የሚሲሲፒ ወንዝ ተፋሰስ ነው። ሴቷ ስታድግ ቅርፊቷ 25 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በአሜሪካ ደግሞ ቅርፊታቸው ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያነሰ ኤሊዎችን ለቤት እንስሳነት መሸጥ ከ1975 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ምክንያቱም ልጆች ትንንሾቹን አፋቸው ውስጥ እየከተቱ ሳልሞኔላ በተባለው ባክቴሪያ ይታመሙ ስለነበር ነው። እህቴ ይህን ሁሉ የሰማችው ከገዛች በኋላ ነው።

ቅርፊቷን በጣቴ ስነካው ጠርዙ እንደ ጎማ እሺ አለኝ። ምግብ ካቆመች አራተኛ ቀኗ ነው። የእህቴ ባል “ስላይጎ ወንዝ እዚሁ አጠገባችን አይደል? ወስደን እንልቀቃት፣ እሷም ትገላገላለች” አለ። ልጁ ማልቀስ ጀመረ።

እናቴ እንደ ልማዷ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አሜሪካ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ነጠላዋን እያስተካከለች “እናንተ፣ ይቺ ፍጥረት ፀሐይ ነው ያጣችው” አለች።

“እማዬ፣ መስኮቱ ሥር ነው እኮ ያስቀመጥናት” አለች እህቴ።

“ሕፃን በመስታወት ይሞቃል እንዴ? ስድስታችሁንም ደጅ አውጥቼ ነው ያሞቅኋችሁ።”

በማግስቱ የወሰድናት የእንስሳት ሐኪምም የነገረን ይህንኑ ነው። የኤሊ አካል ካልሲየምን ለመጠቀም ቫይታሚን ዲ ያስፈልገዋል፤ ቫይታሚኑን የሚሠራው ደግሞ ዩቪቢ በተባለው የፀሐይ ጨረር ነው። የመስኮት መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን ቢያሳልፍም ይህን ጨረር ያስቀረዋል። ካልሲየም ሲያንስ ቅርፊቱ ይለሰልሳል፣ አጥንትም ይጣመማል። አገራችን የጤና ባለሙያዎች እናቶችን “ልጃችሁን ጠዋት ፀሐይ ስታሞቁ ከመስኮት ጀርባ አይሁን” የሚሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሐኪሟ ወንዝ ውስጥ መልቀቅን በፍጹም አልተቀበለችም። ቀይ ጆሮ ኤሊ የሜሪላንድ ተወላጅ አይደለችም። ወንዝ ስትለቀቅ የአገሬውን ኤሊዎች ምግብና የፀሐይ መሞቂያ ትሻማለች፤ በሽታም ልታዛምት ትችላለች። የአውሮፓ ኅብረት በ1997 ወደ አገሩ እንዳትገባ የከለከላት፣ በ2016 ደግሞ ከወራሪ ዝርያዎች መዝገብ ያሰፈራት ለዚህ ነው። “በደንብ ከያዛችኋት 30 ዓመት ልትኖር ትችላለች” ብላ ስትጨምር የእህቴ ባል ሳቀ፦ “የቤቱን ዕዳ የምንጨርሰውም በ30 ዓመት ነው። አብረን እንጨርሰዋለን ማለት ነው።”

ንድፍ ፍለጋ

ሐኪሟ ካልሲየም ሰጥታ፣ “ቤት ከመሥራታችሁ በፊት ኤሊ ራሷ የምትመርጠውን ቦታ ሄዳችሁ እዩ” ስትል መከረችን። እሑድ ከሰዓት አምስታችንም መኪና ውስጥ ገባን።

ሜሪላንድ የኤሊ አገር ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዳይመንድባክ ቴራፒን የምትባለው የአካባቢው ኤሊ ከ1994 ጀምሮ የግዛቲቱ መለያ እንስሳ ናት። መንገዳችን ላይ ባለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮሌጅ ፓርክ ከዋናው ቤተ መጻሕፍት ፊት ለፊት፣ ቴስቱዶ የሚሉት የነሐስ ኤሊ ሐውልት አለ። ተማሪዎች በፈተና ሰሞን ለመልካም ዕድል አፍንጫውን ያሻሹታል፤ በዚህ የተነሣ አፍንጫው ከሌላው አካሉ ይልቅ ያበራል። የእህቴ ልጅም ለስፒዲ ሲል አሻሸው።

ከዚያ ወደ ዲሲ ተሻግረን አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ካለው የኬኒልወርዝ የውሃ አትክልት ሥፍራ ደረስን። ቦታውን የጀመረው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አንድ ክንዱን ያጣው ዋልተር ሾው ሲሆን፣ በ1880ዎቹ ከትውልድ ቀዬው ያመጣቸውን የውሃ አበቦች እዚህ ተከለ። መንግሥት በ1938 ገዝቶ የሕዝብ መናፈሻ አደረገው። በሐምሌ ወር ሎተስ የሚባለው አበባ ከሰው ቁመት በላይ ወጥቶ ሮዝ አበባውን ይዘረጋል። ሰው የሚጎርፈው ለአበባው ነው፤ እኛ ግን ውሃው ላይ የወደቀውን ግንድ ፈለግን።

ግንዱ ላይ አሥራ አንድ ኤሊዎች ተደርድረዋል። ልጁ ነው የቆጠራቸው። አንዷ የሌላዋ ጀርባ ላይ ወጥታለች፤ ሁሉም አንገታቸውን አስግገው፣ የኋላ እግራቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጥላችን ሲያርፍባቸው ጠብ፣ ጠብ እያሉ ጥልቁ ውስጥ ገቡ። ልጁ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ አራት ነገር ጻፈ፦ ጥልቅ ውሃ፣ ደረቅ ቦታ፣ ፀሐይ፣ መደበቂያ። ሳጥኑ ውስጥ ከአራቱ አንዱም አልነበረም።

እናቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳለች። ዓይኗን ጨፍናለች። “እንሂድ” ስንላት “ትንሽ ቆዩ፣ እኔም ልሙቅ” አለች።

ግማሽ ቶን ሳሎን ውስጥ

የኤሊ አሳዳጊዎች አንድ ልማዳዊ ስሌት አላቸው፦ ለእያንዳንዱ ኢንች ቅርፊት 10 ጋሎን፣ ማለትም 38 ሊትር ያህል ውሃ። ስሌቱ የሚሠራው በዛሬው ቁመቷ ሳይሆን አድጋ በምትደርስበት ነው። ስፒዲ ዛሬ 9 ሴንቲ ሜትር ብትሆንም ሐኪሟ ሴት ሳትሆን እንደማትቀር ስለነገረችን ባለ 120 ጋሎን ፈለግን። አዲሱ ዋጋው አይቀመስም። ዓሣ ማሳደግ ከተወ ሰው ያገለገለ፣ 1 ሜትር ከ22 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ወርዱም ቁመቱም 61 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ገንዳ ከነማስቀመጫው በ200 ዶላር ተገኘ።

ባዶውን ለማውረድ አራት ሰው ፈጀ። ከላይ ትንሽ አጉድለን ብንሞላው እንኳ ውሃው ብቻ 400 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። እናቴ ወዲያው አሰላችው፦ “አራት ኩንታል ጤፍ! ፎቁ ላይ እንዳታወጡት!” ልክ ነበረች። ከነመስታወቱ ግማሽ ቶን ስለሚሆን ምድር ቤት፣ ሲሚንቶው ወለል ላይ፣ በውሃ ልክ አስተካክለን አስቀመጥነው።

ከዚያ በፊት ግን ደጅ ሞልተን ማሳደራችን በጀን። ጠዋት ስንነሣ አንዱ ማዕዘን ሥር ውሃ ተኝቷል። አሮጌውን ሲሊኮን በምላጭ ፍቀን፣ መርዝ የሌለበትን የአኳሪየም ሲሊኮን ቀባን፤ ሦስት ቀን አድርቀን እንደገና ሞላን። ያ ውሃ ሳሎን ውስጥ ቢፈስ ኖሮ የስፒዲ ታሪክ እዚያው ያበቃ ነበር።

የቀረው ሥራ የደብተሩን አራት መስመሮች መከተል ነው። ለመደበቂያ ከራሷ የሚበልጡ ለስላሳ የወንዝ ድንጋዮች አደረግን፤ ጠጠር ትውጣለችና አይሆንም። ውሃውን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚያቆይ መከላከያ ያለው ማሞቂያ ገባ። የእህቴ ባል ከገንዳው በላይ ከእንጨትና ከወንፊት ሽቦ ደረቅ ሰገነት ሠራ፤ ከውሃው የሚያወጣት ዘንበል ያለ መወጣጫም አለው። ሰገነቱ ላይ ሙቀቱን ከ32 እስከ 35 ዲግሪ የሚያደርስ አምፖልና የዩቪቢ መብራት ተሰቀለ። ሁለቱም በቀን 12 ሰዓት ይበራሉ። ዩቪቢው ብርሃኑ ሳይጠፋ ጨረሩ ስለሚደክም በየጊዜው ይቀየራል። ከመብራቱና ከሰገነቱ መሃል መስታወትም ሆነ ፕላስቲክ እንዳይገባ እናቴ ራሷ ተቆጣጠረች። የኤሌክትሪክ ገመዶቹን ከሶኬቱ ዝቅ ብለው እንዲንጠለጠሉ አደረግናቸው፤ ጠብታ ቢወርድ መሬት ላይ እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

ትልቁ ወጪ ፊልተሩ ነው። ኤሊ ከዓሣ ይልቅ ውሃ ታቆሽሻለች፤ ስለዚህ ከገንዳው ሁለትና ሦስት እጥፍ ለሚበልጥ ውሃ የተሠራ ይመረጣል። እሱም ቢሆን ወዲያው አይሠራም። ከቆሻሻዋ የሚወጣውን አሞኒያ የሚያጠፉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ፊልተሩ ውስጥ እስኪራቡ ሳምንታት ይፈጃል። ክሎሪኑን በጠብታ መድኃኒት አጥፍተን፣ ከጊዜያዊ ገንዳዋ ትንሽ ትንሽ ቆሻሻ ውሃ እየጨመርን፣ በየሦስት ቀኑ እየለካን አምስት ሳምንት ጠበቅን። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ አምስት ሳምንት ዘላለም ነው። እናቴ “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” እያለች አጽናናችው።

ጎመንና ሳሙና

አንድ ቀን እናቴን እንጀራ ስትቆርስላት ያዝናት። ለኤሊ እንጀራም ዳቦም አይሆንም። ለኤሊ ከተዘጋጀው ደረቅ ምግብ ጎን ለጎን ቅጠል ትፈልጋለች፤ እያደገች ስትሄድም የቅጠሉ ድርሻ ይጨምራል። በካልሲየም የበለጸገው ደግሞ ከእናቴ ማዕድ ቤት የማይጠፋው ጎመን ነው። “ታዲያ አበሻ ናታ!” አለች።

የማያወላዳው የቤቱ ሕግ ሳሙና ነው። ጤነኛ የምትመስል ኤሊም ሳልሞኔላ ልትይዝ ትችላለች። ገንዳውን የነካ እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ የገንዳው ዕቃ ማዕድ ቤት ውስጥ አይታጠብም። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችና የበሽታ መከላከል አቅማቸው የደከመ እንዳይነኳት ይመከራል። ስለዚህ እናቴ ጎመኑን ትቆርጣለች፣ ልጁ ያበላል። ወንበሯን ግን ከመስኮቱ አንሥታ ገንዳው ፊት ለፊት አስቀምጣለች።

ሰገነቱ

ስፒዲ አዲሱ ቤቷ የገባችው ልመለስ አሥር ቀን ሲቀረኝ ነው። ቀስ ብላ ሰጠመችና ድንጋይ ሥር ተሸሸገች። ሁለት ቀን ሙሉ አልወጣችም። በሦስተኛው ጠዋት እናቴ ቤቱን በጩኸት ቀሰቀሰችው። ወርደን ስናያት ስፒዲ ሰገነቱ ላይ ወጥታ፣ አንገቷን አስግጋ፣ የኋላ እግሮቿን እንደ ክንፍ ዘርግታለች፤ ልክ እንደ ኬኒልወርዞቹ።

ሁላችንም ዝም ብለን ስናይ እናቴ “ደግ አደረጋችሁ” አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ “ለእኔም ከጓሮው ትንሽ ደረቅ መሬት ብትሰጡኝ” አለች። በቀልድ የተናገረችው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎመን ልትከል ስትል እህቴ “ቆይ እማዬ፣ ሥራ ይቅለለኝ” ትላት እንደነበር ያወቅሁት ግን ያኔ ነው። እህቴ መልስ አልሰጠችም።

ቅዳሜ ዕለት ባሏ ከሰገነቱ በተረፈው እንጨት ጓሮ ውስጥ መደብ ሠራ፤ አጠገቡም አግዳሚ ወንበር አኖረ። የነሐሴ መጨረሻ ለበልግ የሚደርስ ጎመን የሚተከልበት ወቅት ነው። እናቴ በባዶ ራሷ፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ፣ አፈሩን በእጇ ስትፈረፍር ትቻት ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። የስፒዲ ቅርፊት ጠንክሯል፤ 11 ሴንቲ ሜትር ሆናለች። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከሰሰ፦ “አክስቴ፣ ጎመኑ ደርሷል። ግን እማማ የምትቆርጠው ለስፒዲ ብቻ ነው፤ ለእኛ አትሰጠንም።”